ግፊት፣ ጉበትና ጉለሌ

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከተራራው ሥር የተዘረጋው ጉለሌ ገና መስክና ጅረት ነበር። የሰው ደም በሥሩ ውስጥ የሚገፋበትን ኃይል በቀላሉ የሚለካ መሣሪያም በዓለም ሐኪሞች እጅ አልገባም ነበር። መሣሪያው የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የዐድዋ ድል ከሆነ ዘጠኝ ወር ያህል ቆይቶ፣ ሲፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ቱሪን ላይ በሚታተም የሕክምና ጋዜጣ፣ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋ መለኪያ አስተዋወቀ። ላስቲኩ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የወጣ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ ገብተን እጅጌያችንን ስንሰበስብ የሚታሰርልን የዚያ ዝርያ ነው። በዚያ ዓመት ጣሊያን ካወጣችው ነገር ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያገኘው፣ ጄኔራል ባራቲየሪ ዐድዋ ላይ ጥሎት የሸሸው መድፍ ሳይሆን ይህ ላስቲክ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን ስቶክሆልም ውስጥ ሌላ ሙከራ ይካሄድ ነበር። ፊንላንዳዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ቲገርስቴትና ረዳቱ ፔር ቤርግማን የጥንቸል ኩላሊት ፈጭተው፣ ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ውስጥ ጨመሩ። የተቀባይዋ ጥንቸል የደም ግፊት ወደ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1898 ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ንጥረ ነገሩን ሬኒን አሉት። ኩላሊት ሽንት ከማጣራት አልፎ፣ ግፊትን የሚያዝዝ ነገር ወደ ደም ይለቃል ማለት ነው። በጊዜው ጉዳዬ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ግኝቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ። መለኪያው ግን ዕድለኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የተባለ ሩሲያዊ የጦር ሐኪም የጆሮ ማዳመጫ ጨመረበት፤ ላይኛውና ታችኛው ቁጥር አብረው መነበብ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ምኒልክ ራሳቸው በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በደረሰባቸው ከባድ የአንጎል ምት ሰውነታቸው ተሽመደመደ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ መንግሥቱ በሞግዚትና በሹክሹክታ ተመራ። የንጉሠ ነገሥቱ ግፊት ስንት ነበር እያሉ ከመቶ ዓመት በኋላ መገመት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ምት ከሚያመጡ ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ደም ብዛት መሆኑን ሕክምናው በቅጡ ያወቀው እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ግን ሕመሙን በመርዝ የሚያመካኝ ወሬ ነበር። የሚታይ ጠላት ሲጠፋ የማይታየውን መርዝ መጠርጠር የዘመኑ ልማድ ነው።

የተረሳውን ሬኒን የቀሰቀሰው ሃሪ ጎልድብላት የተባለ የክሊቭላንድ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የውሾችን የኩላሊት ደም ሥር በትንሽ ብረት ቆንጥጦ አጠበበው። ደም ያጠረው ኩላሊት የውሾቹን ግፊት ከፍ አድርጎ ያዘው። ቆይቶም ቦነስ አይረስ ላይ የኤድዋርዶ ብራውን-ሜኔንዴዝ ቡድን፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ደግሞ የኧርቪን ፔጅ ቡድን፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያይ፣ ሬኒን ራሱ ግፊት የሚጨምር ነገር አለመሆኑን ደረሱበት። ሬኒን ኢንዛይም ነው፤ ሥራው ሌላ ፕሮቲን መቁረጥ ነው። የሚቆርጠውን ፕሮቲን የሚያመርተው ደግሞ ጉበት ነው። ከቁራጩ የሚወጣው አንጂዮቴንሲን ይባላል። ሁለቱ ቡድኖች በስሙ ሃያ ዓመት ገደማ ሲከራከሩ ቆይተው እያንዳንዳቸው ለንጥረ ነገሩ ካወጡለት ስም ግማሽ ግማሹን አዋጥተው ታረቁ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በዚያው በክሊቭላንድ ሌናርድ ስኬግስ ሁለተኛውን ቆራጭ አገኘ። ኤሲኢ የሚባለው ይህ ኢንዛይም በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይበዛል፤ ደካማውን አንጂዮቴንሲን ቆርጦ ኃይለኛ ያደርገዋል። ኃይለኛው የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ኩላሊትም ጨው እንዲይዝ ያዝዛል። የአንድ ሰው ግፊት እንግዲህ ጉበት አዘጋጅቶት፣ ኩላሊት ጀምሮት፣ ሳንባ የሚጨርሰው ሥራ ሆኖ ተገኘ። በየሆስፒታሉ እነዚህን ሦስት አካላት በሦስት የተለያዩ ክፍሎች ለሦስት የተለያዩ ሐኪሞች ማከፋፈላችን እስካሁን ይገርመኛል።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. ጉለሌ የራሱን ላቦራቶሪ አገኘ። ከፓሪሱ የፓስተር ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ክትባት ማዘጋጀትና ወረርሽኝ መመርመር ሥራው ሆነ። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሥነ ምግብ ተቋሙና ከባህል መድኃኒት ጥናት ክፍሉ ጋር ተዋህዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። የጉለሌ ሰው ግን ይህን ሁሉ አዋጅ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ሰፈሩን እስከ ዛሬ ፓስተር ይለዋል።

ጉለሌ ላይ ፓስተር ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመት ውስጥ ኒው ዮርክ ላይ የደም ምርመራን መልክ የለወጠ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1954 አርተር ካርመን፣ ፌሊክስ ሩብሌቭስኪና ጆን ላዱ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች በሰዓታት ልዩነት ደም እየቀዱ፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ የሚኖር አንድ ኢንዛይም በደማቸው ውስጥ ከፍ እያለ መምጣቱን አሳዩ። ኢንዛይሙ በአሮጌ ስሙ ኤስጂኦቲ፣ በአሁኑ ኤኤስቲ ነው። ወዲያው ወንድሙ ኤስጂፒቲ፣ የዛሬው ኤኤልቲ፣ ተከተለ፤ ይሄኛው ከልብ ይልቅ የጉበት ነገረኛ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ላቦራቶሪዎች ወረቀት ላይ አሮጌዎቹ ስሞች ዛሬም ከአዲሶቹ ጎን ተጽፈው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ዓይነት የደም ኢንዛይም መለየት አለበት፤ ካልተለየ የኋላው ታሪክ ይደበላለቃል። ሬኒንና ኤሲኢ ሥራቸው ደም ውስጥና ደም ሥር ላይ ነው። ከፍና ዝቅ ሲሉ ግፊትን ይነካሉ። ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲና መሰሎቻቸው ግን ቤታቸው ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ደም ውስጥ በብዛት መገኘት አልነበረባቸውም። የተሰነጠቀ ጋን ጠላውን እንደሚያዥ ሁሉ፣ የተጎዳ ሕዋስ ያዥጎደጉዳቸዋል። ቁጥራቸው የሆነ ቦታ ስንጥቅ መኖሩን ይናገራል፤ ማን እንደሰነጠቀው ግን አይናገርም።

ጉበት ምን ያህል ሊሰነጠቅ እንደሚችል ኢትዮጵያ በዘግናኝ መንገድ ያየችው ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ነው። ቢጫ ወባ በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተነሳ። 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ነው። ቫይረሱ ጉበትን ይበላል፤ ዓይን ይበጫል፣ ደም አይረጋም። የፓስተር ኢንስቲትዩቱ ሻርል ሴሪዬና ባልደረቦቹ ወደ ሥፍራው ወርደው ወረርሽኙን አጠኑ፤ ጥናታቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታትሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የጉለሌው ላቦራቶሪ ስሙን የተከለው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው፤ ጮኾ በሚመጣ፣ ቀብር በሚያበዛ በሽታ። ደም ብዛት ቀብር ቢያበዛም አይጮኽም። ለእሱ ቡድን አይላክም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ስለዚህ ተራው እስኪደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

በዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ጥቂት ነገሮች ሆኑ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እርዳታ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን ለድኾች ብለው አሠሩ፤ ከፓስተር ጎረቤት ሆነ። በዚያው ዘመን የኦክስፎርዱ ጂ. ኤ. ሃሪሰን ቡድን ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የደባርቅ ሰውና 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የአዲ አርቃይ ሰው እያነጻጸረ አጠና። ከፍታ በሰውነት ላይ የሚያሳድረውን ለማወቅ ከመጡት ተመራማሪዎች ሥራ ውስጥ የደም ግፊትም ነበረበት። ሰው መጥቶ የደባርቅን ገበሬ ክንድ አስሮ የለካው፣ ገበሬው ታሞ ሳይሆን ተራራ ላይ ስለሚኖር ነው። ለታመመው ከተሜ ተመሳሳይ ትጋት እስኪታይ ብዙ መጠበቅ ነበረበት።

በሌላው ዓለም ደግሞ ኤሲኢን የሚያስቆም መድኃኒት ከእባብ መርዝ ተገኘ። ብራዚላዊው ሴርዢዮ ፌሬራ የጃራራካ እባብን መርዝ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ መርምሮ፣ ወደ ለንደኑ የጆን ቬን ላቦራቶሪ ይዞት ሄደ። እባቡ የሚነድፈው እንስሳ ግፊቱ ወርዶ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት መርዙ ኤሲኢን ስለሚያግድ መሆኑ ታወቀ። ስኩዊብ በተባለው ኩባንያ የሚሠሩት ኩሽማንና ኦንዴቲ ይህን ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1975 ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 አሜሪካ ፈቀደችው። በየፋርማሲያችን የሚሸጠው ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ነው። ግፊቱን በኢናላፕሪል ይዞ የሚኖር የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የብራዚል እባብ ውለታ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የግፊትና የጉበት ኢንዛይም ነገር ጥርት ብሎ የተገናኘበት ጽሑፍ ወጣ። በአሪዞና የሚሠራው የማህፀን ሐኪም ሉዊስ ዋይንስታይን፣ ከእርግዝና ጋር ከባድ ግፊት የመጣባቸውን 29 ሴቶች ታሪክ ሰብስቦ አቀረበ። ሦስቱ ነገሮች አብረው ነበሩ፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ የጉበት ኢንዛይሞች ያሻቅባሉ፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ይወርዳሉ። ሄልፕ ሲንድረም ብሎ ሰየመው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው፤ የደም ኢንዛይም ቁጥር በግፊት ታማሚ ሕይወት ላይ በሰዓታት ውስጥ የሚፈርድበት ቦታ ይህ ስለሆነ። ነገሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው። የእንግዴ ልጁ ደም ሥሮች በወጉ ሳይሰፉ ሲቀሩ ደም ያጥረዋል፤ ደም ያጠረው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ነገሮች የሰውነቷን ደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ያውካሉ። ግፊቷ ይወጣል፣ ፕሮቲን በሽንቷ ይወርዳል። በጉበቷ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ሥሮች ሲዘጉ የጉበት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ኤኤስቲና ኤኤልቲ ደም ውስጥ ይፈሳሉ። በጠበቡት ሥሮች ውስጥ ሲያልፉ የሚሰባበሩት ቀይ ሕዋሳት ደግሞ ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም ይለቃሉ። ሐኪሞች የሚይዙት መስፈርት ኤኤስቲ ከ70፣ ኤልዲኤች ከ600 ሲበልጥ፣ ፕሌትሌት ከ100,000 በታች ሲወርድ ነው።

እናቲቱ የምትለው ግን ሌላ ነው። ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ አለብኝ፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ልቤ ላይ ወጋኝ። ይህን ስትናገር አሮጊቶች ጨጓራ ነው ብለው ተልባ ቢያጠጧት አይፈረድባቸውም፤ ሕመሙ ያለው እዚያው አካባቢ ነው። ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ልክፍት ነው ተብሎ ወደ ጸበል የሄደችው ብዙ ናት፤ እንጦጦ ከጉለሌ በላይ ነውና መንገዱ ሩቅ አልነበረም። ሕክምናው ሁለት ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት መንቀጥቀጡን ይከላከላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው፣ በ33 አገሮች 10,000 ያህል ሴቶችን ያሳተፈው ማግፓይ የተባለ ጥናት አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳየ። ቀሪው ማዋለድ ነው፤ እንግዴ ልጁ ሳይወጣ በሽታው አይለቅም።

ላቦራቶሪው እዚህ ላይ ሊያሳስት የሚችልበት መንገድም አለ። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ከተሳበ፣ ወይም ብልቃጡ እየተናወጠ ከመጣ፣ ቀይ ሕዋሳቱ ብልቃጡ ውስጥ ይፈርሳሉ። ሴረሙ ይቀላል። ኤልዲኤችና ኤኤስቲ በሐሰት ይወጣሉ። ባለሙያው ናሙናው ሄሞላይዝ ሆኗል፣ ድጋሚ ቅዱ ብሎ ሲመልስ የሚቆጡ ሰዎች ምን ያህል ትልቅ ነገር እንዳዳነላቸው ባወቁ። ሬኒን የሚለካበት ናሙና ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ሌሎቹን ናሙናዎች የሚያቆየው በረዶ ሬኒንን ያታልለዋል፣ የተኛውን ቅድመ-ሬኒን ያነቃውና ቁጥሩን ያስዋሻል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ጉለሌ ላይ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ስለ ግፊት አልነበረም፤ ስለ ኤችአይቪ ነበር። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በኢንስቲትዩቱ ግቢ ተቋቁሞ፣ የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። በመንገዱ ላይ ያገኘው አንድ ነገር ከኤድስም ተሻግሮ ለማንኛውም የደም ምርመራ ትምህርት ሆነ። ኤችአይቪ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ቁጥራቸው ከጤነኛ ደቾች ዝቅ ያለ ነበር። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ መደበኛ ተብሎ የታተመው ቁጥር እንግዲህ የማን መደበኛ ነው?

ጥያቄው ወደ ጉበት ኢንዛይምም ተሻገረ። የኤኤልቲ ጣሪያ በየላቦራቶሪው 40 ገደማ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 የሚላን ተመራማሪዎች ከደም ለጋሾቻቸው ውስጥ ወፍራሙን፣ ስኳርና ቅባት ያለበትን፣ መድኃኒት የሚወስደውን አውጥተው ሲያሰሉ፣ ጣሪያው ለወንድ 30፣ ለሴት 19 ሆኖ ወረደ። ለካ ጤነኛ የተባለው ሰው ውስጥ ስብ ያዘለ ጉበት የተሸከመው ብዙ ነበር። በአገራችንም የጎጃም ዞኖችን ጤነኛ አዋቂዎች ደም መርምሮ ለአካባቢው የሚሆን መመዘኛ የሚፈልግ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ይህን መሰሉ ሥራ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፣ ሽልማትም አያስገኝም፤ ግን ሌላው ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው።

በዚህ መካከል ጂጂቲ የተባለ ሌላ የጉበት ኢንዛይም የግፊት ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቦ ነበር። ዱሪ ጂጂቲን ከፍ ማድረጉ ድሮም ይታወቃል። አዲሱ ነገር፣ ቁጥሩ መደበኛ በተባለው ክልል ውስጥ እንኳ ሆኖ፣ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ ለደም ብዛት ይበልጥ መጋለጣቸው ነው። በአራት የአሜሪካ ከተሞች ጥቁርና ነጭ ወጣቶችን 15 ዓመት የተከተለው ካርዲያ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንኑ አሳየ። ጂጂቲ ግፊትን ፈጠረው ማለት አይደለም። ሆድ ዕቃ ላይ የተጠራቀመ ስብ ጉበትንም ይሞላል፣ ኢንሱሊንም ሥራው ይዳከማል፣ ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ ግፊቱ ይወጣል። ኢንዛይሙና ግፊቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ቢባል ይሻላል።

አዲስ አበባ ደግሞ እናትየዋን፣ ስቡን ማለት ነው፣ ማሳደግ ጀምራ ነበር። ዶክተር ፍቅሩ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን የከተማዋን ነዋሪዎች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያሳትሙ፣ ከወንዶቹ 31.5 በመቶ፣ ከሴቶቹ 28.9 በመቶ ደም ብዛት ነበረባቸው። ጎንደር ከተማ ላይ ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የተደረገው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2012፣ 28.3 በመቶ አገኘ። ሦስት ሰው ቡና ቢጠጣ ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው፤ ብዙዎቹም አያውቁትም።

ከዚያ ተራው የጉለሌው ኢንስቲትዩት ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ከመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችን ደጃቸው ድረስ ሄዶ ለካ፤ ክንዳቸውን አሰረ፣ ደማቸውን ለስኳርና ለቅባት ወሰደ። ከ100 ሰው 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ተገኘበት። የጨው ፍጆታው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም አትለፉ ይላል። ቢጫ ወባን ያሳደደው ተቋም ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የወጥ ጨው መመዘኑ፣ ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና መታጠፊያ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2008 ዓ.ም.፣ በጎረቤቱ ጳውሎስ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ሆስፒታሉ በ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሆኖ ነበር፤ ንቅለ ተከላውን የጀመረው ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው። ኩላሊትን ከሚያደርቁት አንዱ ያልታከመ ደም ብዛት ነው፤ የደረቀው ኩላሊት ደግሞ ሬኒን እየለቀቀና ጨው እየያዘ ግፊቱን ያብሰዋል። ቲገርስቴት ከጥንቸል ኩላሊት ያወጣው ነገር ጉለሌ ላይ በወንድምና በእህት መካከል የሚሰጥ ስጦታ ውስጥ ገባ።

ሬኒን ስንል አንድ ያልተዘጋ ክርክር አለ። ከአሜሪካ ጥቁሮች ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች፣ አፍሪካዊ የዘር ግንድ ካላቸው የግፊት ታማሚዎች ብዙዎቹ ሬኒናቸው ዝቅተኛ፣ ግፊታቸውም ለጨው ቶሎ የሚሸነፍ ነው። ሬኒኑ ከመነሻው ዝቅ ያለ ሰው ላይ ኤሲኢን የሚያግደው መድኃኒት ብቻውን ብዙ አይሠራም። ክሪኦል የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንን በስድስት የአፍሪካ አገሮች ፈትኖ፣ አምሎዲፒን የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ያለባቸው ጥምረቶች እንደሚሻሉ አሳየ። ከስድስቱ ውስጥ ኬንያና ኡጋንዳ አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችም። የጎረቤትን ውጤት ተበድሮ መኖር ይቻላል፤ የሲዲ4ን ታሪክ ላስታወሰ ሰው ግን ብድሩ አያረካም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ተነገረ፤ ምርመራው የጉለሌው ኢንስቲትዩት ነበር። በዚያው ዕለት የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የግፊት ምክር ቤት ለዓለም አንድ መግለጫ አወጣ። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባው ኤሲኢ2 በተባለ፣ የኤሲኢ ዘመድ በሆነ ኢንዛይም በኩል መሆኑ ሲሰማ፣ ኢናላፕሪልና መሰሎቹን የሚወስዱ ሰዎች በሩን እየከፈትንለት ነው ወይ ብለው ተሸብረው ነበር። ምክር ቤቱ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ አለ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ምክሩን አጸኑት።

አሁን ጉለሌ ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው የጉበት ኢንዛይሙ 60 ቢመጣ ሐኪሙ ምን ያስባል? ስብ ያዘለ ጉበት አንዱ ነው። አረቄም አለ። በአገራችን ብርቅ ያልሆነው የጉበት ቫይረስ ቢ አለ። እንጦጦ ላይ ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የነበረው ቅዱስ ጴጥሮስ አለ፤ ሰውየው የነቀርሳ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን ኤኤልቲን ያወጣሉ። ለእርጉዝ ግፊት የሚታዘዘው ሜቲልዶፓም አንዳንዴ ጉበት ይነካል። ልቡ የደከመ ሰው ጉበቱ ደም ይቋጥርና ኢንዛይሙ ይወጣል። ሐኪሙ ቁጥሩን ይዞ ወደ ሰውየው ተመልሶ መጠየቅ ነው ያለበት፤ ምን ትጠጣለህ፣ ምን ትወስዳለህ፣ ሆድህ መቼ ሰፋ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የግፊት ሕክምና መመሪያ ላይ የሚመከሩት ምርመራዎች የደም ጨዎች፣ ክሬአቲኒን፣ ቅባት፣ ስኳር፣ ሽንትና ኢሲጂ ናቸው። የጉበት ኢንዛይም ከዝርዝሩ የለበትም። እነዚያም ቢሆኑ መድኃኒት መጀመርን የሚያዘገዩ ከሆነ እንዲጠበቁ አይመከርም፤ ላቦራቶሪ በሌለው ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ግፊቱን ለክታ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ማስጀመር ትችላለች። ግፊቷ ወጥቶ፣ ራሷን ፈልጧት፣ ከቀኝ ጎድኗ ሥር እየወጋት የመጣች እርጉዝ ግን ሌላ ናት። የእሷ ደም ለኤኤስቲ፣ ለኤልዲኤችና ለፕሌትሌት በመጣችበት ሰዓት ይቀዳል፤ ኢናላፕሪል ፅንሱን ስለሚጎዳ አይሰጣትም፤ ውጤቱም እስከ ነገ አያድርም።